ኮዱን የሰጠሁት እኔ፣ የተጠረጠረችው እሷ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ የምማር የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከመጋቢት ጀምሮ እዚሁ ከተማ ባለ አንድ አነስተኛ የሶላር ስታርታፕ ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ። ድርጅቱ መብራት ላልገባላቸው የገጠር ቤቶች ሶላር በዱቤ ይሸጣል። አንድ ፓኔል፣ አንድ ባትሪ፣ አራት አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር። ደንበኛው በቀን 15 ብር ሒሳብ በቴሌብር ይከፍላል። ሲከፍል በስልኩ ኮድ ይላክለታል። ቁጥሩን ባትሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ሲያስገባ መብራቱ የከፈለውን ቀን ያህል ይሠራል። ቀኑ ሲያልቅ ይቆለፋል።

ስገባ የጠበቅኩት ፓኔል መግጠም፣ ባትሪ መፈተሽ፣ ዲዛይን መሥራት ነበር። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት እንደዚያ ነበር። ቃሉ ወረዳ ገጠር ወጥተን ጣራ ላይ ሁሉ ወጥቻለሁ። ከዚያ ስልክ የምታነሳው ልጅ ሥራ ለቀቀችና ‹‹ለጊዜው አንቺ ያዥልን›› ተባልኩ። ለጊዜው የተባለው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ክፍያ ላሳለፉ ሰዎች እየደወልኩ ‹‹ካልከፈሉ መብራትዎ ይቆለፋል›› እላለሁ። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ሰው። አንዳንዱ ይሳደባል። አንዳንዱ ‹‹አብሽሪ ልጄ፣ ማሽላው ይድረስ እንጂ እከፍላለሁ›› ይላል። ስድቡ ይሻለኛል።

ግንቦት ላይ ዝርዝሩ ውስጥ የሰፈራችንን ሰው ስም አየሁ። ያደግኩት ወረባቦ ነው። ሴትዮዋ የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ተፈታኝ ነው። ስደውልላቸው በድምፄ አወቁኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ‹‹ደህና ነሽ ወይ? እናትሽ ናፍቃሻለች›› ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ለምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሯ እንደተከፈተ ነበርና የ14 ቀን ኮድ አውጥቼ ላክሁላቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሳቸው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ደግሞ ‹‹ልጄ መብራት ኃይል ገባች›› እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። አክስቴ ደወለች። ከዚያ የአክስቴ አማች። እስካሁን ለስድስት ቤት ሰጥቻለሁ፤ በጠቅላላው 74 ቀን።

አሁን የወጣው ኮድና የገባው ብር አልገጥም አለ። ሥራ አስኪያጁ የሒሳብ ክፍሏን ልጅ ጠርቶ አነጋገራት። እያለቀሰች ወጣች። እስከ ወሩ መጨረሻ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ካላስረዳች ያሰናብታታል። ክፉ ሰው አይደለም። ለትራንስፖርት በወር 1,500 ብር ይሰጠኛል፤ ስመረቅም ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኛል። ከኢንተርንሺፕ ውጤቴ ትልቁን ድርሻ የሚሞላውም እሱ ነው።

ዝም ብዬ ጨርሼ ልውጣ? በደንበኞቹ ስም ቀስ እያልኩ በቴሌብር ልክፈል? ወይስ ልናገር? ብናገር እናቴ ምን ትላለች? እባክዎን ቶሎ ይመልሱልኝ።

እንቅልፍ ያጣችው፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ስለ ጎረቤታችሁ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ እናትሽ ወሬ ዘርዘር አድርገሽ ጽፈሽልኛል። ‹‹ኮምፒውተሯ እንደተከፈተ ነበርና›› የምትለዋ ግን በዓረፍተ ነገሩ መሃል ሹልክ ብላ አለፈች። እንቅልፍ የነሳችሽ እሷ ትመስለኛለች። ኮዱ የወጣው በልጅቷ ስም ነው። እሷን ለመጉዳት አስበሽ እንዳላደረግሽው ይገባኛል። መዝገቡ ላይ ግን ሰጪዋ እሷ ናት።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 74 ቀን በ15 ብር ሲባዛ 1,110 ብር ነው። ከአንድ ወር የትራንስፖርት አበልሽ ያነሰ። ስለዚህ አለቃሽ በብሩ የተጨነቀ አይመስለኝም። ሳይከፈል ኮድ ከወጣ፣ ነገ ደግሞ ስንት እንደሚወጣ አያውቅም። አሁን የሚያየው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው አጠገብ ደግሞ የልጅቷ ስም ተጽፏል። እሱም በበኩሉ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል።

ዝም ብዬ ልውጣ ላልሽው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እያደር እስኪጠራ ግን ልጅቷ ደሞዟን ታጣለች። ደግሞስ ዝምታው እስከ መቼ ይዘልቃል? ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እንዲህ ያለው ኮድ እንደ ሞባይል ካርድ ለማንም የሚሠራ አይደለም። አንዱ ኮድ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ለየትኛው መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን እንደወጣ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አንድ ቀን አንድ ሰው ጉድለቱን በዝርዝር ሲያይ ስድስቱም መሣሪያ ወረባቦ፣ ያውም አንድ አካባቢ ሆኖ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ኮድ የወጣው በምሳ ሰዓት ነው፤ ሌሎቹም ከዚያ የራቁ አይመስለኝም። ‹‹ከእኛ ውስጥ ወረባቦ ያደገው ማን ነው?›› ብሎ ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

በደንበኞቹ ስም ልክፈል ያልሽውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ልብሽ ደግ ነው። ግን እስቲ በሙያሽ አስቢው። በቴሌብር ስትከፍይ ሥርዓቱ ክፍያውን ተቀብሎ አዲስ ኮድ ይልካል። ሰዎቹ ሌላ 74 ቀን ይጨመርላቸዋል፤ የድሮው 74 ቀን ግን ሳይከፈል እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ጉድለቱ በአንድ ሳንቲም አይቀንስም። ይባስ ብሎ መክፈል ያቃታቸው ስድስት ቤቶች በአንድ ሳምንት ሲከፍሉ ይታያል። ያን ጊዜ ማን ያስረዳል? ያችው ልጅ።

አንድ የራሴን ላጫውትሽ። በወጣትነቴ ደሴ ፒያሳ አንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እይዝ ነበር። ለአንዲት ዘመዴ ሦስት ሜትር ጨርቅ ሰጥቼ መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም፤ ነገ ትከፍለኛለች ብዬ። ቆጠራ ሲደረግ ጉድለቱ አብሮኝ በሚሠራው ልጅ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ስናገር ባለሱቁ ተቆጥቶ ተወኝ። ልጁ ግን እስከ ዛሬ ሰላም የሚለኝ ከአንገት በላይ ነው። የጨርቁን ነገር ከረሳ ቆይቷል። ሦስቱን ቀን ነው ያልረሳው።

ስለዚህ የወሩን መጨረሻ አትጠብቂ። ይህን ስታነቢ ነገ የሥራ ቀን ከሆነ፣ ነገ።

መጀመሪያ ለልጅቷ ንገሪያት። አለቃሽ ቢሮ ውስጥ ድንገት እንድትሰማው አታድርጊ። ጠዋት ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ቡና በያትና ለብቻዋ አግኚያት። ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። ‹‹ኮዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምሳ ስትወጪ በአንቺ ኮምፒውተር ነው። ዛሬ ለአለቃችን እነግረዋለሁ፤ ቀድመሽ ከእኔ ስሚው ብዬ ነው›› በቂ ነው። ይቅርታ ጠይቂያት፤ እዚያው ይቅር እንድትልሽ ግን አትጠብቂ። ትቆጣ ይሆናል። ተነስታ ትሄድ ይሆናል። ምናልባትም ‹‹ተይው፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ መውጣቴ ይታወቅብኛል›› ልትልሽ ትችላለች። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ አታቃልይባት። ግን አሁን ከተጠረጠረችበት ጋር ሲመዘን ያኛው ትንሽ ጥፋት እንደሆነ በእርጋታ አስረጃት። አለቃችሁ ፊትም ቋንቋሽን ምረጪ። ‹‹ክፍት ስለነበረ ነው›› ካልሽ በእሷ አመካኘሽ። ‹‹ክፍት ነበረ፣ እኔም ሳላስፈቅድ ተጠቀምኩበት›› ካልሽ ያንቺን ጥፋት አንቺው ወሰድሽ።

ወደ አለቃሽ ስትገቢ አንድ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። የስድስቱ ቤቶች መሣሪያ ቁጥር፣ ኮዱ የወጣበት ዕለት፣ ለስንት ቀን እንደሆነ። ከታች 1,110 ብር ብለሽ ጻፊና ከአበልሽ እንዲቆረጥ ራስሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ያደረግሽውን ተናገሪ፤ የፈተናውን ልጅ ጉዳይ ለምን ብሎ ሲጠይቅሽ ትነግሪዋለሽ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። በልጁ ከጀመርሽ ልመና ይመስላል።

ምንም አይመጣብሽም ብዬ አልዋሽሽም። ውጤትሽ ሊቀንስ ይችላል። የሥራው ቃል ሊታጠፍ ይችላል። ‹‹ከነገ ጀምሮ አትምጪ›› ሊልሽም ይችላል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ለዩኒቨርሲቲ አድቫይዘርሽ ደውዪ። ነገሩን ከድርጅቱ ደብዳቤ ሳይሆን ካንቺ አፍ ይስማው። ልምምዱ ከተቋረጠ ቀሪውን ጊዜ የትና እንዴት እንደምትጨርሺ ከትምህርት ክፍልሽና ከኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮው ጋር መነጋገር ይኖርብሻል። አንድ ሴሚስተር ሊያዘገይሽ ይችላል። ከባድ ነው። ግን በሰው ደሞዝ የተገዛ ጥሩ ውጤት ይዘሽ ስትመረቂ ራስሽን እስቲ አስቢው። አንቺ ያንን የምትችይ አትመስይኝም፤ ብትችይ ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር።

እናትሽን በተመለከተ አጭር ልሁን። በስልክ አትንገሪያት፤ ቅዳሜ መኪና ይዘሽ ሂጂ። ‹‹እማ፣ መብራት ኃይል አልገባሁም። ተማሪ ነኝ። ኮድ መስጠት አልችልም፤ በሰጠሁት ምክንያትም ሰው ከሥራው ሊወጣብኝ ነው›› በያት። ‹‹ሰው ከሥራው ሊወጣ ነው›› የሚለውን የማትረዳ እናት ወሎ ውስጥ ያለች አይመስለኝም። ወሬውን ያሰራጨችው በኩራት ነው፤ አትቆጫት። ለአክስትሽና ለአማቷ ራሷ ትነግርልሻለች፤ ከአንቺ ይልቅ ከእሷ ሲሰሙት ይቀላል። ይሉኝታ እንደያዘሽ አይቻለሁ፤ ለመጀመሪያዋ ሴትዮ በርኅራኄ ሰጠሽ፣ ለሌሎቹ አምስት ግን እምቢ ማለት አቅቶሽ ነው። አይደለም?

ከጎረቤታችሁ ገንዘብ አትጠይቂ። አልለመኑሽም። እንዲያውም ወደፊት ልትረጃቸው ከፈለግሽ ቀጥተኛ መንገድ አለሽ። የ14 ቀኑ 210 ብር ነው። ከኪስሽ በቴሌብር ብትከፍይላቸው ማንም ምንም አይልሽም ነበር፤ ኮዱም በወጉ ይወጣ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ይህን ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ቅርቡ መፍትሔ አይታየውም፤ እኔም የሦስት ሜትሩን ጨርቅ ዋጋ ከደሞዜ መክፈል እችል ነበር።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። ከደብዳቤሽ የገባኝ ስልክ ላይ መቀመጥሽን እንደ ብክነት መቁጠርሽ ነው። መናደድሽ ተገቢ ነው። ‹‹ለጊዜው›› ሲባል ‹‹እስከ መቼ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ልውጣ ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤው ውስጥ አላየሁትም።

ግን ሌላም ነገር ልጠይቅሽ። ሦስት ወር እነዚያን ድምፆች ስትሰሚ ምን አስተዋልሽ? ‹‹ማሽላው ይድረስ›› ያሉሽ ሰዎች ሰበብ የፈጠሩ አይመስለኝም። ቃሉና ወረባቦ ቆላው ላይ ማሽላ የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ እኔ ልንገርሽ አይገባም፣ አንቺ አድገሽበታል። ግንቦትና ሰኔ ጎተራው የሚራቆትበት፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ብር የሚፈለግበት ወቅት ነው። ወደ ደጋው ከወጣሽ ደግሞ በልግ አምራቹ አለ፤ እሱ ምርቱን የሚያነሳው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ነው። የድርጅታችሁ ክፍያ ግን ለሁሉም በቀን 15 ብር፣ ዓመቱን ሙሉ። የወር ደሞዝተኛ ቢሮ ቁጭ ብሎ ያወጣው ሒሳብ ነው የሚመስለው።

ክረምቱንም ጨምሪበት። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲደፈን ፓኔሉ በጠራ ቀን ከሚሰጠው ሩቡን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ አራቱ አምፖል ወደ አንድ ይወርዳል። ደንበኛው ለዚያም 15 ብር ይከፍላል። ‹‹አልከፍልም›› ብሎ የሰደበሽ ሰው ምናልባት ይህን ሊነግርሽ ፈልጎ ቃል አጥሮት ይሆናል። ወይም ተሳዳቢ ሊሆን ይችላል፤ እሱም አይጠፋም።

መቆለፉን ግን እንደ ጭካኔ ብቻ አትይው። ጎረቤታችሁን ያለ መያዣ የሚያበድር ባንክ ያለ አይመስለኝም። ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ ፓኔል ጣራቸው ላይ የወጣው መሣሪያው ሊቆለፍ ስለሚችል ነው። መያዣው ራሱ መሣሪያው ነው ማለት ነው። ቁልፉ ቢቀር ዱቤው አብሮ ይቀራል፤ እሳቸውም ወደ ኩራዝ ይመለሳሉ። መነጋገር የሚቻለው መቼ ይቆለፍ በሚለው ላይ ነው። እሱን ደግሞ ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ፓኔል ገጣሚው ጣራውን ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን ያውቃል። ‹‹አብሽሪ ልጄ›› የተባልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ከቆየሽ ይህን ሥሪበት። የደንበኞቹን ስም አውጥተሽ፣ አለቃሽን አስፈቅደሽ፣ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። ደጋ ወይስ ቆላ፣ በየትኛው ወር ስንት ቀን ዘገዩ፣ ሲዘገዩ ምን ምክንያት ሰጡ። ሦስት ወር አጭር ነው፤ የአምናውን ክፍያ ከመዝገብ ካገኘሽ ዓመቱ ይሞላልሻል። መዘግየቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ ተከምሮ ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀልሎ ካገኘሽው፣ ከምርት በኋላ ከፍ፣ በዘር ወቅት ዝቅ የሚል የክፍያ ሐሳብ ማቅረብ ትችያለሽ። በፈተና ሰሞን ተማሪ ላለበት ቤት ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበት የሚሰጥ የእፎይታ ኮድም ይኑር ማለት ትችያለሽ። በምሳ ሰዓት ተደብቀሽ ያደረግሽው ነገር በግልጽ ቢሠራ ምን ሊመስል እንደሚችል ታይዋለሽ። ላይቀበሉሽም ይችላሉ። ሪፖርትሽ ግን ፓኔል ስለመግጠም ከተጻፉት ሁሉ የተለየ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ሐሳብ በዚያ የይቅርታ ቀን ይዘሽ እንዳትገቢ። ጥፋቱን ሊናገር የመጣ ሰው ፕሮፖዛል ዘርግቶ ሲቀመጥ አያምርም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ቢያሰናብቱሽም ያስተዋልሽውን አይወስዱብሽም፤ ሌላ ቦታ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ጠዋት ከመግባትሽ በፊት ሆድሽን ቢቆርጥሽ አትደነቂ። ቁርስ ብዪ። ልጅቷን ካገኘሽ በኋላ በመሃል ሌላ ሥራ አትጀምሪ፤ በቀጥታ ወደ አለቃሽ ግቢ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ልጅቷ ማለቴ ነው። የ8ኛ ክፍሉ ልጅ ውጤትም ሲወጣ ንገሪኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።